አንድ ቋት ለአንድ ወረዳ፦ ከሐዋሳ የተመራው የሒሳብ ማሻሻያ

ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤት ቅልጥፍና ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ወረፋ ነው። ቀጥሎ ኮምፒውተር ይነሳል። ከዚያ «የአመለካከት ችግር» ይባልና ወሬው ያልቃል። የሒሳብ መዝገብን የሚያነሳ ሰው ብዙም አይገኝም። እኔ ግን በዚህ አገር ከተሞከሩት የአስተዳደር ማሻሻያዎች ሁሉ ሥር የሰደደው እሱ ነው እላለሁ። የሚገባውን ያህል ስላልተወራለትም ይቆጨኛል።

ጉዳዩ የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ነው። መቀመጫውን ሐዋሳ አድርጎ ከመቶ በላይ ወረዳዎችን ያስተዳድር ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ የሕዝቡ ብዛት ወደ 15 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ይህ ክልል ወጪውን እንዴት ሥርዓት አስያዘ? የውጭ እርዳታው የት ላይ ደገፈው፣ የት ላይስ አደናቀፈው? ክልሉ ዛሬ የለም። አሠራሩ ግን በተከፋፈሉት ክልሎች ወረዳዎች ውስጥ አሁንም እየሠራ ነው።

ገንዘቡ ወረደ፣ ባለሙያው አልነበረም

በ1994 ዓ.ም. አራቱ ትልልቅ ክልሎች፣ ኦሮሚያ፣ አማራ፣ ደቡብና ትግራይ፣ በጀት ወደ ወረዳ ማውረድ ጀመሩ። ከዚያ በፊት ዋናው ሥራ የሚሠራው ዞን ላይ ነበር። ወረዳው የታዘዘውን ያስፈጽማል እንጂ በራሱ የሚያዝበት ይህ ነው የሚባል ገንዘብ አልነበረውም። አዲሱ አሠራር ይህን ገለበጠው። ክልሉ በቀመር እያሰላ ለእያንዳንዱ ወረዳ ጥቅል በጀት ይሰጣል። በየቢሮው «ብሎክ ግራንት» የሚባለው ይኸው ነው። ከዚያ ውስጥ ለትምህርት ስንት፣ ለጤና ስንት፣ ለግብርና ስንት የሚለውን የወረዳው ምክር ቤት ይወስናል።

ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ውሳኔው ወደ ሕዝቡ ቀረበ። ብዙ ሠራተኛም ከዞን ወደ ወረዳ ተዛወረ። ችግሩ የመጣው ገንዘቡ ከወረደ በኋላ ነው። ማን ይይዘዋል? ማን ይመዘግበዋል?

በነበረው ልማድ እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የራሱ ገንዘብ ያዥ፣ የራሱ የሒሳብ ሠራተኛና የራሱ የባንክ ሒሳብ ያስፈልገዋል። ትምህርት አለ፣ ጤና አለ፣ ግብርና አለ፣ ውሃ አለ፣ አስተዳደር አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። አንድ ወረዳ ውስጥ አሥር ጽሕፈት ቤት ቢኖር አሥር የሒሳብ ሠራተኛ ይፈለጋል። ይህን በመቶ ወረዳ ስታባዙት አንድ ሺህ ይሆናል። ያን ያህል የሰለጠነ ሰው ክልሉ ውስጥ አልነበረም። የተገኘውም ቢሆን በመንግሥት ደመወዝ ደቡብ ኦሞ ወይም ቤንች ማጂ ገጠር ገብቶ እንዲቀመጥ ማድረግ ቀላል አልነበረም።

በዚያ ላይ የሒሳብ አያያዙ ራሱ ያረጀ ነበር። ምዝገባው ነጠላ ነው። ብር ሲገባ ይጻፋል፣ ሲወጣ ይጻፋል። ማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት፣ መንግሥትስ ለማን ምን ያህል መክፈል እንዳለበት ከመዝገቡ በቀላሉ አይታይም። አንድ ኃላፊ ለመስክ ሥራ የወሰደው ቅድመ ክፍያ ሳይወራረድ ዓመት ያልፈዋል። የአንዱ ዓመት ሒሳብ ሳይዘጋ ሌላው ይደርሳል። ውዝፉ ዓመታት ያስቆጠረበት መሥሪያ ቤት ጥቂት አልነበረም። ሒሳቡ ካልተዘጋ ደግሞ ኦዲተሩ የሚመረምረው ነገር የለም። ምክር ቤቱም የሚጠይቀው አይኖረውም። የመንግሥት ገንዘብ የሚባክነው በሌብነት ብቻ አይደለም። መዝገቡ ስለዘገየ ብቻ ስንት ነገር ተድበስብሶ እንደቀረ ማን ይቆጥረዋል?

ፑል

መፍትሔው ከእጥረት የተወለደ ነው። አሥር የሒሳብ ሠራተኛ ከሌለ ያሉትን ሦስትና አራት ሰዎች አንድ ቦታ ማሰባሰብ። የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የሁሉንም ሒሳብ በአንድ ቋት ይይዛል። የሒሳብ ሰዎች «ፑል» የሚሉት ይህ ነው። ሥራው ሲታይ እንዲህ ነው።

አንድ ጤና ጣቢያ የጽዳት ዕቃ መግዛት ፈለገ እንበል። በጀቱ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ነው። ምን ይገዛ፣ ምን ያህል ይገዛ የሚለውን የሚወስነው የጤና ኃላፊው ነው። ጥያቄው ተፈርሞ ወደ ፑሉ ይመጣል። የፑሉ የሒሳብ ሠራተኛ በዚያ የወጪ ኮድ ላይ ቀሪ በጀት መኖሩን ያያል። ግዥው ይፈጸማል። ዕቃው ንብረት ክፍል ሲገባ ሞዴል 19፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙ፣ ይቆረጣል። ሞዴል 19 ከሌለ ክፍያ የለም። ከተሟላ የክፍያ ማዘዣው ይሠራል፣ ቼኩ ይፈረማል፣ ወጪው በጤና ጽሕፈት ቤት ስም ይመዘገባል። ዕቃው ከግምጃ ቤት ለተጠቃሚው ሲወጣ ሞዴል 22 ይከተላል።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። የጤና ኃላፊው ሥልጣኑን አላጣም። ያጣው ገንዘቡን በእጁ መያዝ ነው። ወሳኙና ከፋዩ ሁለት ሰዎች ሆኑ። ይህ ብቻውን ብዙ በር ዘጋ። ሌላም ጥቅም ነበረው። የወረዳው አስተዳዳሪ «አሁን ካዝናችን ውስጥ ስንት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ከአንድ ቢሮ ይገኛል። ድሮ ያንን ለማወቅ በየጽሕፈት ቤቱ መዞር ነበረበት፤ ዞሮም የሚያገኘው ቁጥር አይገጣጠምም።

ፑሉ እንከን አልነበረውም አልልም። ኋላ እመጣበታለሁ።

ዲኤስኤ የተባለው ሥራ

ሁሉም ነገር ከወረዳ አልመነጨም። በ1988 ዓ.ም. መንግሥት የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ብሎ አምስት ንዑስ ፕሮግራሞችን አስጀመረ። ከአምስቱ አንዱ የወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ነበር። የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 57/1989 የሕግ መሠረቱን ጣለ። ሥራውን የሚደግፍ ፕሮጀክት ደግሞ በአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ ተቋቋመ። ያከናወነው የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። የእኛ የሒሳብ ሰዎች እስከ ዛሬ «ዲኤስኤ» ይሉታል፤ ያልተማከለ አስተዳደር ድጋፍ ማለት ነው። ለ12 ዓመት ያህል ቆየ። የደቡብ ክልል ማሻሻያውን ቀድመው ከያዙት ክልሎች አንዱ ነበር። በሐዋሳው የፋይናንስ ቢሮ የተሞከረው ነገር ለሌሎቹ ትምህርት ሆኗል።

የእርዳታ ፕሮጀክት ብዙ ጊዜ ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ መኪናውን አስረክቦ፣ ሪፖርት ጽፎ ይሄዳል። ይሄ ግን ቆየ። መቆየቱ ብቻውን የሥራውን ጠባይ ቀየረው ብዬ አስባለሁ። ሁለተኛው ልዩነት አካሄዱ ነው። የነበረውን አሠራር ጥሎ ከውጭ የመጣ አዲስ ሥርዓት አልተከለም። የኢትዮጵያ ቢሮክራሲ ድክመቱ ብዙ ቢሆንም ደንብ ያውቃል። ቅጽ፣ ማህተም፣ ፊርማና መዝገብ አዲስ ነገር አይደሉበትም። ስለዚህ ያለውን ቅጽ ማሻሻል፣ የጎደለውን መጨመር፣ የማይረባውን ማውጣት ተመረጠ።

ቅደም ተከተሉም የታሰበበት ነው። በመጀመሪያ የበጀት አያያዙ ተስተካከለ። ቀጥሎ ሒሳቡ ከነጠላ ወደ ጥንድ ምዝገባ ተሸጋገረ፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በሁለት ወገን ይጻፋል። እያንዳንዱ ወጪ ኮድ ተሰጠው። 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ነው። 6217 ነዳጅና ቅባት ነው። 6231 ውሎ አበል ነው። ዛሬ ማንኛውም የወረዳ ሠራተኛ «6231 አልቋል» ሲባል ምን እንደተባለ ይገባዋል፤ መስክ መውጣት የለም ማለት ነው። ኮዱ አንድ ዓይነት ስለሆነ የጂንካው ወረዳ ውሎ አበል ከጉራጌው ወረዳ ውሎ አበል ጋር ይደመራል። ቀላል ነገር ይመስላል። ሐዋሳ የተቀመጠ ባለሙያ የክልሉን አጠቃላይ ወጪ በዓይነት በዓይነቱ ለይቶ ማየት የቻለው ግን በዚህ ነው።

ኮምፒውተሩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ደጋግሜ ብናገረው ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ሠራተኛው በእጁ፣ በእስክሪብቶና በሌጀር (በወረቀት የሒሳብ መዝገብ) ጥንድ ምዝገባን ለመደ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለነበር ስልጠናው ከውጭ ቃላት ጋር ትግል አልሆነም። በአገር ደረጃ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ሰልጥኗል። ከዚያ ሶፍትዌሩ ተከተለ። «አይቤክስ» ይባላል። ለሥራው ተብሎ እዚሁ የተሠራ ነው። በእጅ የሚሠራውን ቅጽ ተከትሎ ስለተዘጋጀ ሌጀር የሚያውቅ ሰው ማያው ላይ ሲያየው አይደነግጥም። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ዓመታችን ጳጉሜን አለው። በውጭ አገር ተሠርቶ በሳጥን የሚሸጥ የሒሳብ ሶፍትዌር ይህን አስቦ አልተሠራም። መብራትና ኮምፒውተር ባልደረሰበት ወረዳ ሥራው በወረቀት ይቀጥላል፣ ዞን ላይ ወደ ሲስተም ይገባል። ወረዳው «ኔትወርክ እስኪመጣ» ብሎ አልጠበቀም።

በኋላ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች «ኢፍሚስ» ወደሚባለው፣ በኦራክል ሶፍትዌር ላይ ወደተገነባ የተቀናጀ የፋይናንስ አስተዳደር ሥርዓት መዛወር ጀመሩ። ኢፍሚስ አቅሙ ሰፊ ነው፤ በዚያው ልክ የሚጠይቀው መስመርና ባለሙያም ብዙ ነው። ለገጠር ወረዳ ግን አይቤክስ የሚበቃውን ያህል በቅቷል። አስተዳደር ሲሻሻል ምርጡን ዕቃ ከመፈለግ ወረዳው ነገ ጠዋት ሊሠራበት የሚችለውን መምረጥ ይሻላል የሚል እምነቴ ከዚህ የመጣ ነው።

በዚያው ዘመን ግድም ሌላ ማዕበልም ነበር። የሥራ ሂደት ለውጡ ቢፒአር መጣ። የውጤት መለኪያው ቢኤስሲ መጣ። የዜጎች ቻርተር በየግድግዳው ተሰቀለ። አንድ ለአምስት መጣ፣ የጃፓኑ የሥራ ማሻሻያ ካይዘን መጣ። ከእነዚህ ውስጥ ጥሩ ሥራ የሠሩ ቢሮዎች አሉ። ግን ሁሉም መሥሪያ ቤት ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ እንዲቀይር ተጠየቀ። የሒሳብ ማሻሻያው የጠየቀው ጠባብ ነገር ነው፤ ገንዘቡን በዚህ ቅጽ መዝግብ፣ በወሩ መጨረሻ ከባንክ ጋር አስታርቅ፣ ሪፖርቱን በዚህ ቀን ላክ። ሠራተኛው የተጠየቀውን ያውቃል። አለቃውም ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም የሚለውን በአንድ ቀን ያጣራል።

እርዳታው በየትኛው በር ይገባል?

አሁን ወደ እርዳታው። ለአገራችን የሚሰጥ የውጭ ገንዘብ የሚገባባቸው በሮች «ቻናል» ይባላሉ። ቻናል አንድ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል፣ በክልሉ የፋይናንስ ቢሮ አልፎ ወደ ወረዳው ፑል ይደርሳል። ቻናል ሁለት በጤና ወይም በትምህርት ሚኒስቴር አድርጎ በዘርፉ መስመር ይወርዳል። ቻናል ሦስት መንግሥትን ሳይነካ ለጋሹ በራሱ ወይም መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት (መያድ) በኩል የሚያወጣው ነው።

ወረዳው ላይ ሆናችሁ ስታዩት ልዩነቱ ግልጽ ነው። በቻናል ሁለትና ሦስት የሚመጣ እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱን የባንክ ሒሳብ ይፈልጋል። የራሱን የሪፖርት ቅጽ ያመጣል። የራሱ የበጀት ዓመት አለው። የአሜሪካ መንግሥት ከመስከረም መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ይቆጥራል። የእንግሊዝ መንግሥት የሚጀምረው ሚያዝያ አካባቢ ነው። የእኛ ከሐምሌ እስከ ሰኔ። ያው የሒሳብ ሠራተኛ አንዱን ዓመት ሦስት ጊዜ ሊዘጋ ነው። አምስት ፕሮጀክት ሲኖር ፑሉ የነበረው ጥቅም እየተበላ ይሄዳል። ወረዳው በአንድ ቋት የሰበሰበው ገንዘብ እንደገና በየቦታው ይበተናል።

የሰው ኃይሉም እንዲሁ ነው። ፕሮጀክቱ የኮንትራት ሒሳብ ሠራተኛ ይቀጥራል። ደመወዙ ከቋሚው ይበልጣል። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ቋሚው ልምዱን ካገኘ በኋላ ለኮንትራቱ ይወዳደራል፣ ወይ ወደ ባንክ ይሄዳል። መንግሥት በእርዳታ ገንዘብ ያሰለጠነውን ሰው ሌላ እርዳታ መልሶ ይወስድበታል። ለጋሾች ስለ «አቅም ግንባታ» ሲናገሩ ስሰማ ይህን ነገር የሚያነሱት ለምን እንዳነሰ ይገርመኛል።

1998፦ ፈተናው

ከግንቦት 7 ቀን 1997ቱ ምርጫ በኋላ ደም ፈሰሰ። ለመንግሥት ቀጥተኛ የበጀት ድጋፍ ይሰጡ የነበሩ ለጋሾች ድጋፉን አቆሙ። ጥያቄው ከባድ ነበር። መንግሥትን መቅጣት ይፈልጋሉ። ግን ያ ገንዘብ ቢቆም የሚጎዳው ገጠር ያለው አስተማሪና ክሊኒክ ነው።

የተገኘው መንገድ «ፒቢኤስ» ተባለ፤ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም። የዓለም ባንክ በግንቦት 1998 ዓ.ም. 215 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ። እንግሊዝን ጨምሮ ሌሎች ለጋሾችም ገቡበት። ገንዘቡ በፌዴራል ካዝና አልቀረም። በጥቅል በጀቱ መስመር ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ወረደ። ዋና ሥራው የአስተማሪ፣ የጤና ሠራተኛና የግብርና ልማት ሠራተኛ ደመወዝ መክፈል ነበር። መንግሥት ይህን ተገን አድርጎ የራሱን ድርሻ እንዳይቀንስ ቅድመ ሁኔታ ተቀመጠ።

የእኔ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ይህ መንገድ ሊታሰብ የቻለው ፑሉና ሒሳቡ ቀድመው ስለነበሩ ነው። የለጋሹ ብር ከመንግሥቱ ብር ጋር ተቀላቅሏል። የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም። ለጋሹ የሚያምነው የወረዳውን የሒሳብ ሪፖርት ብቻ ነው። ወረዳው ሪፖርት ካዘገየ ዞኑ ይዘገያል፣ ዞኑ ከዘገየ ሐዋሳ ትዘገያለች፣ ሐዋሳ ከዘገየች ገንዘቡ ይዘገያል። ስለዚህ ክልሉ በየወሩ ስልክ እየደወለ የሚጎተጉትበት ምክንያት አገኘ። ለጋሹ ለራሱ ብቻ የሚሆን ሪፖርት ሳይጠይቅ መንግሥት ለራሱ የሚያስፈልገውን ሪፖርት በጊዜው እንዲያዘጋጅ አስገደደው። ጥሩ እርዳታ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ከፒቢኤስ ጋር የመጣ ሌላም ነገር አለ። የወረዳው በጀት በቀላል ቅጽ ተዘጋጅቶ ሕዝብ በሚያየው ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ተደረገ። ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል። በአንዳንድ ቦታ ወረቀቱ ፀሐይ እስኪያነጣው ሳይቀየር ይቆይ ነበር። በሌላ ቦታ ደግሞ ሰዎች በስብሰባ ላይ ቁጥሩን ጠቅሰው ጠየቁ። የመንግሥት በጀት ምስጢር ሆኖ በኖረበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ውጤቱ የአንድ ፕሮግራም ብቻ ነው ማለት ልክ አይሆንም። ግን በእነዚያ ዓመታት በወረዳ ደመወዝ የሚተዳደሩ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በመላ አገሪቱ ተሰማሩ። የሕዝብና ጤና ጥናቱ በ1997 ዓ.ም. ከ1,000 ሕፃናት 123ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቶ ነበር። በ2008 ቁጥሩ 67 ሆነ። ያቺ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት የምትዞረው ደመወዟ በወሩ ሲገባላት ነው። ደመወዟን የሚያስገባው ደግሞ ፑሉ ነው።

መዝገቡ የማይመልሰው

ሒሳብ መስተካከሉ ፍትሕ መስፈኑን አያሳይም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የእርዳታ ጥቅሞች ለፖለቲካ ታማኝነት መለኪያ ይውሉ እንደነበር ከሷል። በጋምቤላ የሰፈራ ጉዳይ ደግሞ ከፒቢኤስ ጋር በተያያዘ ለዓለም ባንክ የምርመራ ፓነል አቤቱታ ቀርቧል። መዝገቡ ብሩ የት እንደገባ ይናገራል። ማን ከወረፋው እንደተገፋ አይናገርም። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ማደባለቅ ለጋሾችንም መንግሥትንም የጎዳ ይመስለኛል። አንዱ ወገን «ሒሳቡ ንጹሕ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሌላው ወገን የጠየቀው ስለ ሒሳቡ አልነበረም።

ፑሉ ራሱም ቅሬታ አለበት። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ለትንሽ ግዥ ከገጠር ወረዳ ከተማ ድረስ ይመላለሳል። የፋይናንስ ኃላፊው ከሌሎቹ ኃላፊዎች በላይ ጉልበት ያገኛል፤ ገንዘብ ሲያጥር ማን ቀድሞ ይከፈለው የሚለው በእሱ ጠረጴዛ ያልፋል። ሰኔ ሲመጣ ደግሞ የዓመቱ ግዥ ሁሉ በአንድ ወር ይጎርፋል። ሰኔ 30 ሳይደርስ በጀት ለመጨረስ የሚደረገውን ሩጫ ያላየ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። የሰው ፍልሰቱም አላቆመም። የሰለጠነው ይሄዳል፣ አዲስ ይመጣል፣ እንደገና ይሰለጥናል። ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ይህን ተከታታይ ስልጠና በራስ በጀት መሸከም የከበዳቸው ክልሎች ብዙ ናቸው።

ትልቁ ድክመት ግን ከበጀቱ አወቃቀር የመጣ ነው። የወረዳው ጥቅል በጀት አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል። ለነዳጅ፣ ለጥገና፣ ለመድኃኒት የሚተርፈው ትንሽ ነው። ገንዘቡ በሥርዓት ይያዛል፤ አስተማሪው ደመወዙን ያገኛል፤ ጠመኔ ግን የለም። ቅልጥፍና ያለ ሥራ ማስኬጃ ብዙ ርቀት አይሄድም።

ክልሉ ሲከፈል

ኅዳር 10 ቀን 2012 የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። በሰኔ ወር ሲዳማ ክልል ሆነ፤ ሐዋሳም መዲናው ሆነች። በኅዳር 2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። በነሐሴ 2015 የቀረው ለሁለት ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተባለ። ሐዋሳ ላይ በአንድ ቢሮ የነበረ ሥራ ወደ ቦንጋ፣ ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ ሆሳዕና ተበተነ። ንብረትና ዕዳ ተከፋፈለ። ሠራተኛው ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ፣ ቤት ቀይሮ ሄደ። ይህን የሚያህል መከፋፈል ማንኛውንም ቢሮ ያናጋል።

ወረዳዎቹ ግን ሥራቸውን በዚያው ቅጽና በዚያው ኮድ ቀጠሉ። አለቃው ሐዋሳም ይሁን ሶዶ 6111 ያው ደመወዝ ነው። አንድ ሥርዓት ሥር መስደዱ የሚታወቀው እንዲህ በላዩ ያለው ሁሉ ሲቀያየር ይመስለኛል።

ነገር ግን በእነዚሁ ዓመታት በወላይታ፣ በሐዲያና በሌሎችም አካባቢዎች አስተማሪዎችና የጤና ሠራተኞች ደመወዝ ሳይከፈላቸው ወራት አለፈ። ክሊኒክና ትምህርት ቤት የተዘጋበት ጊዜ ነበር። ለዚህ በተደጋጋሚ ከተነሱት ምክንያቶች አንዱ የማዳበሪያ ዕዳ ነው። ክልሉ ዋስ ሆኖ በባንክ ብድር ማዳበሪያ ይገባል። ገበሬው ካልከፈለ ዕዳው ከክልሉ ድጎማ ይቆረጣል፤ ክልሉ ደግሞ ከወረዳው በጀት ይቆርጣል። ወረዳው ጋ ሲደርስ የሚቆረጠው ከምን ላይ ነው? በጀቱ ደመወዝ ብቻ ከሆነ፣ ከደመወዝ ላይ ነዋ። እዚህ ጋ ችግሩ የሒሳብ ሠራተኛው አይደለም። እሱ የመዘገበው የተላከለትን ነው።

በሌላ በኩል ጥር 2017 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አገደች። ዩኤስኤአይዲ ራሱ በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ሥራውን አቆመ። ኢትዮጵያ ውስጥ በአሜሪካ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ ከ5 ሺህ በላይ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ብዙዎቹ የኤችአይቪ ታካሚዎችን ሲረዱ የነበሩ ናቸው። በወረዳ ፔሮል ላይ ያለችው ነርስ ደመወዟ ቢዘገይም በመዝገቡ ላይ ስሟ አለ። በፕሮጀክት መዝገብ ላይ የነበረችው ግን መዝገቡ ሲታጠፍ አብራ ታጠፈች። ያው ዩኤስኤአይዲ ቀደም ሲል ገንዘቡን ያወጣበት የሒሳብ ሥርዓት ደግሞ ዛሬም በየወረዳው እየተሠራበት ነው።

ከዚህ ተነስቼ የምጠይቀው ለሐዋሳም ለአዲሶቹ መቀመጫዎችም ነው። ወደ ወረዳ የሚወርድ የእርዳታ ገንዘብ ሁሉ፣ ለጋሹ በልዩ የባንክ ሒሳብ ካልያዝኩ ቢል እንኳ፣ ቢያንስ በወረዳው ሌጀር ላይ ይመዝገብ። የወረዳ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ይየው። የኮንትራት ሒሳብ ሠራተኛ ከተቀጠረ ከቋሚዎቹ ጋር በፑሉ ይሥራ፤ የቋሚዎቹም ደመወዝ ይታሰብበት። የማዳበሪያ ዕዳ ተቀናሹም በሰሌዳው ላይ በራሱ መስመር ይለጠፍ፤ ስንት እንደተቆረጠ፣ በየትኛው ወር፣ በማን ውሳኔ። ያን ጊዜ አስተማሪው «ደመወዜ የት ገባ?» ብሎ ገንዘብ ያዡን ከማስጨነቅ ይልቅ የወሰነውን አካል በስሙ ይጠይቃል።